ለጆንያ ለባሾች ጥብቅና የቆምኩባቸው እሑዶች

በ2011 ዓ.ም. ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ሁለት ብትጨምሩበት አልቀየምም፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈው ሰው የለም። ያን ጊዜ ከብልባላ በላይ ባለችው መንደራችን የቅሬ ዳኛ ነበርኩ። ቅሬ እኛ ዘንድ የቀብርና የለቅሶ ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ለቅሶ ቤት ውሃና እንጨት የሚያደርሰው ቅሬ ነው። ቅሬ የሌለው ሰው ሲሞት፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ ሬሳው እቤት ተኝቶ ይጠብቃል።

ይህን ያስቀደምኩት ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚዞር ነው። በመንደሩ ዳር ከወንዙ አፋፍ አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች። ድስትና እንስራ ሠርታ ገበያ ታወጣለች። ባሏ ቀጥቃጭ ነበር፤ የሁላችንንም ማረሻ ያበጀው እሱ ነው። ሲሞት ቅሬው አልወጣለትም። ሕጋችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ አያስገባም። ለምን ቢባል፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ስለሚባል ነው። ሁለት ቀን ተኝቶ ቆየና ከሙጃ በኩል የመጡ አራት ዘመዶቹ ተሸክመው ቀበሩት። በዚያ ሰሞን እሷ አስገቡኝ ብላ ስትመጣ መልሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። በኋላም በቄሱ በኩል ሁለት ጊዜ ልካ ሁለት ጊዜ መለስናት። በዚያ ዓመት ደረቷን ያማት ጀመርና ለሦስተኛ ጊዜ ላከች። "ዘመዶቼ አርጅተዋል፤ እኔን ማን ይሸከመኛል?" ነው ያለችው። ከሦስት እሑድ በኋላ ውሳኔ እንሰጣለን ብለን አሳደርነው።

በዚህ መሀል መምህርቷ መጣች። የኮን ከተማ ልጅ ናት፤ ብልባላ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። ዘንድሮ አገሩ ሁሉ እየተጠላላ ነውና ሽማግሌዎች ስለ ጥላቻ ታሪክ ቢሰሙ ደግ ነው ብላ የቀበሌውን ሊቀ መንበር አስፈቅዳለች። እሱም ቅሬው በሚሰበሰብበት፣ አጥር ባለው ግቢ ወይራ ሥር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ በሉላት አለን። ቁጭ ማለት ለእኛ ሥራ አይደለምና እሺ አልን።

የምታሰማን ነገር ፖድካስት ይባላል። ሬዲዮ ነው፤ ልዩነቱ ሰዓት አይጠብቅም። ሲያቆሙት ይቆማል፣ ሲቀጥሉት ከቆመበት ይነሳል። እንዲህ ያለ ታዛዥ ተናጋሪ በዕድሜዬ አላየሁም። ጣሳ የምታክል ስፒከር ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከውስጧ በአማርኛ ማውራት ጀመሩ። ታሪኩ የፈረንጅ አገር ነው። ድሮ እዚያ ነጮቹ ነጭ ጆንያ የመሰለ ነገር በራሳቸው ላይ አጥልቀው፣ ለዓይናቸው ብቻ ቀዳዳ አበጅተው፣ በቡድን እየዞሩ ጥቁሮችን ይገርፉ፣ ይሰቅሉ ነበር። ሴቶቻቸው ጆንያውን ይሰፋሉ፣ ለስብሰባው ዳቦ ይጋግራሉ፣ ልጆቹን መዝሙሩን ያስጠናሉ። ኋላ ደግሞ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ።

ከቄሱ ጋር ሰባት ነበርን። ከመሀላችን በሐምሌም በጥርም ካፖርት የማያወልቅ የድሮ ወታደር አለ፤ ከእኔ ጋር በምንም ተስማምቶ አያውቅም። ባለካፖርቱ እለዋለሁ። ፖድካስቱ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀ እሱ ነው።

"ልጄ፣ እነዚያ ጥቁሮች ሌሊት ጅብ ይሆኑ ነበር?"

"ኧረ አይሆኑም፣ አባቴ።"

"በዓይናቸውስ ሰው ይበሉ ነበር?"

"አይበሉም።"

"ታዲያ ምን አድርገው ተጠሉ?"

"ምንም ሳያደርጉ ነው" አለች መምህርቷ።

ባለካፖርቱ ወደ እኛ ዞሮ "ነገሩ አልተሟላም" አለ።

እውነት ለመናገር ለእኔም ያልተሟላ መስሎ ታይቶኛል፤ በሌላ በኩል ግን። ሰባታችንም ዕድሜያችንን በሽምግልና የጨረስን ሰዎች ነን። ሽማግሌ የአንድ ወገን ሰምቶ አይፈርድም። ስፒከሯ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከሳሉ፤ ጆንያ ለባሾቹ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቄሱም ይህንኑ አየ።

"ከሳሽ ሁለት፣ ተከሳሽ የለም። ይህ ሐሜት ነው" አለ።

"አባታችን፣ ፍርድ እኮ አልጠየቅኋችሁም፤ ትምህርት ነው" አለች መምህርቷ።

"ሰባት ሽማግሌ ዛፍ ሥር አስቀምጠሽ፣ በደል አሰምተሽ፣ ፍርድ አልጠየቅሁም ትያለሽ?" አልኳት እኔ። "ታዲያ በደሉን የት እናድርገው?"

ተመካከርን። ተከሳሽ ሳይቀርብ ሲቀር ተወካይ ይቆምለታል፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ማን ይቁም ሲባል ስድስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ግትር ነው አሉ። ለስፒከሯም ዋስ ያስፈልጋል ተባለና መምህርቷ ዋስ ሆነች። የምትይዘው የምትለቀው ጠፍቷት ነበር።

"አባቴ" አለችኝ ስንነሳ፣ "እነዚህ ሰዎች እርስዎን ቢያገኙዎት እኮ ይሰቅሉዎት ነበር።"

"እሱ ሌላ ነገር ነው" አልኳት። "ተወካይ የወከለውን አይመርጥም።"

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሰምታ ጠበቀችኝ።

"ለማን ነው ጥብቅና የቆምከው?"

"ለፈረንጆች።"

"ምን አድርገው?"

"ሰው ሰቅለው።"

"ያውቁሃል?"

"ሞተዋል።"

"እሺ" አለች። "እንጨቱን ፍለጥ።"

በሁለተኛው እሑድ ጋቢዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ ስፒከሯ ፊት ቆምኩ። አባቴ ሲሟገት እንደሚያደርገው ዱላዬን መሬት ላይ ተክዬ "ተጠየቅ" አልኳት። ተከራካሪ ይህን ሲባል "ልጠየቅ" ማለት አለበት። ስፒከሯ ዝም አለች።

"አሻፈረኝ ብላለች ተብሎ ይያዝ" አለ ባለካፖርቱ።

"ልጠየቅ" አለችላት መምህርቷ፣ ዋስ ናትና።

ሳምንቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምከራከር ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም፤ እህል እያስገባሁ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ነገሩ ተሰልፎ መጣ። "የወከልኳቸው ሰዎች" አልኩ፣ "ማንንም አልጠሉም። የእነዚያን እጅ ሥራ ይገዛሉ፤ ሠርተው አይብሉ አላሉም። ብቻ አጥንታቸው ከአጥንታችን አይቀላቀል ነው ያሉት። ልጃቸው ልጃችንን አያግባ፣ ማዕዳቸው ከማዕዳችን አይቅረብ፣ መቃብራቸው ከመቃብራችን ይራቅ። ይህን የጀመሩት እነሱ አይደሉም፤ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ነው። ሕፃን ሳይታመም ውሎ ማታ ሲሞት ሰው ማንን ይጠርጥር? ጆንያውንም ያጠለቁት ጎረቤት እንዳይቀያየም ብለው ነው።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አንዱ "ነገር እንዲህ ነው የሚነገር" አለ። እጅ ይውጣ ቢባል ኖሮ አራቱ ለእኔ ነበሩ።

መምህርቷ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ነበር። "አባቶቼ፣ በዓለም ላይ ማንም ያልፈረደላቸውን ሰዎች እናንተ ነጻ ልታወጧቸው ነው። እባካችሁ፣ የሴቶቹን እንኳ ስሙ" ብላ ፖድካስቱን ከመሀል ከፈተችው።

ስለ ሴቶቹ ሰማን። የራሳቸው ሊቀ መንበር ነበራቸው፣ ለራሳቸው ይሰበሰቡ ነበር፣ ከእነ እገሌ ሱቅ እንዳትገዙ እያሉ በየቤቱ ወሬ የሚያደርሱ እነሱ ነበሩ። ከዚያ ክርክሩ ሌላ ሆነ፤ ሴቶቹ ከተከሳሽ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም?

"ሴት በራሷ አትጠላም" አለ ባለካፖርቱ። "ባሏ የጠላውን ነው የምትጠላው። ጆንያውን የሰፋችው ስፊ ስለተባለች ነው።"

ከአጥሩ በታች እኛን የሚጠብቁ ሴቶቻችን ተቀምጠው ነበር። ባለቤቴ ከዚያው ሆና ተናገረች፤ የተናገረችው ግን ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ እህትህን አርባ ዓመት ስጠላ ማንን አስፈቅጄ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ቄሱም ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። እህቴ በሕይወት አለች፤ ጎረቤታችን ናት፤ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። እሷም "እውነቷን ነው፤ እኔም አላስፈቀድኩም" አለች።

ባለቤቴ አልበቃትም። "ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ የምትጠጣበትን ጣሳ ለብቻው አጥር ላይ የሚሰቅል ማነው? አንተ ነህ? አንተማ ጣሳው የት እንዳለም አታውቅ። ሕጉን እናንተ ዛፍ ሥር ታወሩታላችሁ፤ ሥራው ያለው እኛ ዘንድ ነው።" እየተጸጸተች እንዳይመስላችሁ። እየኮራች ነበር። ሌሎቹም "አዎ፣ እኛም ቤት ጣሳው ለብቻ ነው" እያሉ ደገፏት።

በዚህም የፈረንጆቹ ሴቶች ከተከሳሽ ይቆጠሩ ተባለ፤ በእኛ ሴቶች ጥያቄ። ስለ ፈረንጅ ስንነጋገር የእኛ ሸክላ ሠሪ እንዴት መሀል እንደገባች ግን የጠየቀ አልነበረም። መምህርቷ ብቻ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

"እንግዲህ ምስክር ቀረ" አለ ቄሱ ልንበተን ስንል። "ስፒከሯ መስቀል ይዛ አትምልም። የሚምል ሰው አምጪ።"

"ከፈረንጅ አገር?"

"ከየትም ይሁን። ይህ ነገር የደረሰበት ሰው ይሁን እንጂ።"

በሦስተኛው እሑድ መምህርቷ ምስክሯን ይዛ መጣች። ሸክላ ሠሪዋ ነበረች። ከልምዷ የተነሳ አጥሩ ውጪ ቆመች። ቄሱ ግቢ አላት፤ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች። ግቢ አላት፤ አንድ ጨመረች። እየሳለች መስቀሉን ሳመችና ማለች። የእሷ የቅሬ ውሳኔም ለዚያው ቀን የተቀጠረ ስለነበር ሁላችንም ዓይናችንን የምናሳርፍበት አጣን። እኔ ግን ተወካይ ነኝ። ዱላዬን ተከልኩ።

"ተጠየቂ።"

"ልጠየቅ።"

"የወከልኳቸውን ጆንያ ለባሾች ታውቂያቸዋለሽ?"

"አላውቃቸውም።"

"አይተሻቸው ታውቂያለሽ?"

"አላየኋቸውም።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። "አታውቃቸውም። ምስክርነቱ ወደቀ" አልኩ።

"የሚናገሩትን ግን አውቀዋለሁ" አለች።

"ከማን ሰማሽ?"

"ከእርስዎ ነዋ። ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ ሆኜ ስሰማ ነበር። አጥንታቸው ከአጥንታችን፣ መቃብራቸው ከመቃብራችን ሲሉ ቃል በቃል አወቅሁት። ባሌ የሞተ ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ያሉኝ ነው። አንድ አልጨመሩበት፣ አንድ አላጎደሉበት።"

እኔ የማደርገው ስላጣሁ ሕጉን ያዝኩ። "እኔ ጆንያ አልለበስኩም" አልኩ።

"ጆንያ ምን ያደርግልዎታል?" አለች። "ፊትዎን ሁሉም ያውቀዋል።"

ባለካፖርቱ ከተቀመጠበት ተነሳ። እንዲያ ደስ ብሎት ያየሁት ልጁን የዳረ ዕለት ብቻ ነው። "አያ ዳኛ፣ ተወካይ ከወከላቸው ጋር አንድ ሥራ ሠርቶ ከተገኘ ተወካይነቱ ይቀርና ተባባሪ ይሆናል።"

"ይህ ሕግ ከየት መጣ?"

"ካንተ። በጠፋው በሬ ነገር አንተው ነህ የፈረድከው።"

እውነቱን ነው፤ ፈርጄ ነበር። ጥሩ ፍርድ ነበር።

ስድስቱ ለብቻቸው ሄደው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተመካከሩ። ሲመለሱ ቄሱ ተናገረ። ጆንያ ለባሾቹም ሴቶቻቸውም ጥፋተኛ ናቸው፤ እንደ አገሩ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክመው ተበዳይን ይቅርታ ይጠይቁ፤ እነሱ ስለሌሉ ተወካያቸው ይሸከምላቸው። መምህርቷ "አባታችን፣ እነሱ እኮ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው" ብትል "ድንጋዩ አልሞተም" አላት።

"ለፈረንጆቹ ከሆነ እሸከማለሁ" አልኩ። "ለራሴ የምትሉ ከሆነ ግን ድንጋዩን የሚያሸክመኝ ወንድ ይምጣ።"

"ለፈረንጆቹ ነው" አሉ። ሁሉም ለማን እንደሆነ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ባለካፖርቱ ድንጋይ ሊመርጥ ሄዶ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ማጅራቴ ላይ አድርገውልኝ ጎንበስ አልኩ። ድንጋዩን ማውረድ የሚችለው የተበደለ ሰው ብቻ ነው። እግሯ ላይ ዓይኔን ጥዬ "የወከልኳቸውን ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ይቅር በያቸው" አልኳት።

"የፈረንጆቹን ይቅር ብያለሁ" አለች። "ባሌን ሁለት ቀን ያስተኙብኝ እነሱ አይደሉም። የእርስዎ ግን ይቆይ።"

"ድንጋዩ እኮ አንድ ነው።"

"አንድ ከሆነማ ይቆይ።"

ቆየ። ሰባ ሁለት ዓመት ለድንጋይ አይመችም። ላቡ በአፍንጫዬ ይንጠባጠብ ጀመር። ከአጥሩ በታች ባለቤቴ "ያን ድንጋይ ይዘህ እቤት እንዳትመጣ፤ ደጃፋችን ጠባብ ነው" ስትል ሰማኋት።

"ምንድነው የምትፈልጊው?" አልኩ፣ እንደማላውቅ።

"ሲሞቱ ልሸከምዎ" አለች። "ስሞት ልትሸከሙኝ።"

"እሺ። ቅሬው ያስገባሽ።"

ባለካፖርቱ አላስጨረሰኝም። "በድንጋይ ሥር የተሰጠ ቃል ቃል አይደለም፤ በግድ ነው። ይውረድለትና ቀና ብሎ ይድገመው።" ሌሎቹም ልክ ነው አሉ። ሕጉ በእርግጥ እንዲያ ነው።

እሷ ድንጋዩ ከወረደ በኋላ እምቢ ብል የሚያስገድደኝ እንደሌለ ታውቃለች። እግሯን እያየሁ ነበር፤ አንዴ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችው። ጭቃ ያሻከረው ጣቷ ማጅራቴን ነካኝ። አንድ መንደር ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ነክታኝ አታውቅም።

ቀና አልኩ። አይሆንም ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረ። ፖድካስቱ ልቤን ለወጠው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ መምህርቷንም ደስ ይላት ነበር። እንደዚያ አልነበረም። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ለማላውቃቸው ሰዎች፣ እኔኑ ቢያገኙ ለሚሰቅሉ ሰዎች፣ ሳላስብ ሳልዘጋጅ ያን ሁሉ መከራከሪያ ከየት አመጣሁት? ሰው ከጎተራው የሚያወጣው ያስገባውን ነው።

"ትግባ" አልኩ።

እጅ ወጣ። አምስት ለሁለት ሆነና ገባች። ከተቃወሙት አንዱ ባለካፖርቱ ነው፤ ጅብ ስላለመሆኗ ማስረጃ አልቀረበም አለ። እስከ ዛሬም አልቀረበም።

መምህርቷ ስፒከሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች "ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም" አለችኝ። "ስለ ጥላቻና ስለ ሴቶች የተሰጠው ትምህርት ምን ውጤት አመጣ የሚል ቦታ አለው።"

"ተከሳሾቹ ተሸነፉ ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

"እርስዎስ?"

"እኔ ተወካይ ነኝ አልኩሽ።"

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የቅሬውን መዝገብና እስክሪብቶ ጋቢዬ ሥር ይዤ ወደ ወንዙ አፋፍ ወረድኩ። እሷን መዝገብ ላይ ልጽፍ ማታ ቁጭ ብዬ ስሟን እንደማላውቅ ገባኝ። ሸክላ ሠሪዋ ብቻ ነበር የምንላት። ቄሱን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ የነፍስ አባቷ ነው። አፈርኩ።

ደጇ ላይ ጭቃ እየረገጠች አገኘኋት። መዝገቡን ስታይ እግሯን ገታች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ስምሽን ልጽፍ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ማረሻ ስናበጅልዎ ማን እያሉ ነበር የሚያስቡኝ?"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ስሟን ነገረችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ቀርፋፋ ነው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጎንበስ ብላ ከላይ ያሉትን ስሞች ከእሷ ጋር አስተያየች።

"የእኔ ትንሽ ነው" አለች። "የእነሱ ሰፊ ነው።"

ሰረዝኩና በሁለት መስመር ጻፍኩት። ከዚያ ውሃ የማድረስ ተራዋ ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ነገርኳት፤ የምትቀር ከሆነ አስቀድማ እንድታስታውቅ አስጠንቅቄ ዳገቱን ወጣሁ።